ባዶው ብልቃጥ

ኬሚስትሪና እኔ የተፋታነው አስረኛ ክፍል ላይ ነው። በሰላም። እኔ ጋዜጠኝነት ልማር ሄድኩ፣ እሷም አልፈለገችኝም። ከስንት ዓመት በኋላ ያስታረቀን በርበሬ ነው።

እናላችሁ፣ ከተመረቅኩ ዓመት ሳይሞላኝ ባዕድ ነገር ስለተቀላቀለበት በርበሬ ጻፍኩ። ሸክላ ይፈጩበታል፣ ቀለም ይጨምሩበታል የሚለውን ወሬ ሰፈሩ ሁሉ ያወራው ነበር። አንዲት እናት በር ላይ የተሰጣው በርበሬ ደግሞ በጣም ቀላብኝ። ስማቸውን አልጠቀስኩም፤ ሱቁን ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲያውቀው አድርጌ ገለጽኩት። ጽሑፉ ተወደደልኝ። በሁለተኛው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ሱቁ ጭር ብሏል። እሳቸው አላወቁኝም። "ነይ ልጄ፣ ምን ልስጥሽ?" አሉኝ። ግማሽ ኪሎ ገዛሁ።

እሱን ይዤ ቤተ ሙከራ ወደሚሠራው የአክስቴ ልጅ ሄድኩ። "ቀለም እንዳለው በዓይን አይታወቅም እንዴ?" ስለው ሳቀብኝ። "ዓይንሽ ቀይ ነው ይልሻል እንጂ የምን ቀይ እንደሆነ አይነግርሽም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ሁሉም ነገር የየራሱን ድርሻ ይውጣል። በርበሬ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ስለሚውጥ ለእኛ የሚተርፈን ቀዩ ነው። ስፔክትሮፎቶሜትር የሚባለው መሣሪያ የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት እየለየ ያሳልፋል፤ ከእያንዳንዱ ምን ያህሉ ተውጦ እንደቀረ ይለካል። ሻይ በወፈረ ቁጥር እንደሚጠቁረው ሁሉ፣ ብርሃን የሚውጠው ነገር ሲበዛ የሚዋጠውም ይጨምራል። የቢርና የላምበርት ሕግ የሚሉት ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ያስገባው ግን የእኔን በርበሬ አልነበረም። አሴቶን ብቻ ያለበት ብልቃጥ ነበር። "ባዶ" ይሉታል። "ምን ያደርግልሃል?" አልኩት። "ብልቃጡና አሴቶኑ ራሳቸው የሚውጡትን ካልቀነስኩ በበርበሬው ላይ አላክከዋለሁ" አለኝ። ቀጥሎ መጠናቸው የታወቀ ናሙናዎችን ለካ። የእኔ ተራ የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው።

460 ናኖ ሜትር አካባቢ ጉብታ ወጣ። "ይኸው ቀለም!" ብዬ ልነሳ ስል፣ "ቁጭ በይ፣ የበርበሬው የተፈጥሮ ቀለም ነው" አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ በመቶዎች የሚቆጠሩ የምግብ ዓይነቶችን ከመደርደሪያ ያስወረደው ሱዳን አንድ የተባለ የፋብሪካ ቀለም ጉብታው ወደ 480 ነው። ሁለቱ ይደራረባሉ። ስለዚህ መጀመሪያ በክሮማቶግራፊ ይነጣጠላሉ፣ ከዚያ በብርሃን ይለካሉ። ሸክላው ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። በርበሬው ይቃጠላል፣ አመዱ በአሲድ ይሟሟል፣ ብረቱ በ248.3 ናኖ ሜትር ይለካል። ያኔም ቢሆን በርበሬ ራሱ ብረት ስላለው ከንጹሕ በርበሬ ጋር ካልተነጻጸረ ቁጥሩ ምንም አይናገርም።

ከቀናት በኋላ ደወለልኝ። "ቀለምም ሸክላም አላገኘሁም።"

"ንጹሕ ነው ማለት ነው?"

"መሣሪያዬ ሊያየው የሚችለውን ያህል የለም ማለት ነው። ከዚያ በላይ አልልም።"

ምነው እኔም እንደሱ በልኬ በተናገርኩ! እሱ አንድ ጉብታ ላይ ቀናት ሲያስብ፣ እኔ አንድ ሰው ላይ ግማሽ ሰዓት አላሰብኩም። ባዶ ብልቃጥ አልነበረኝም። ይዤው የሄድኩትን ወሬ ከዓይኔ ላይ ሳልቀንስ ነው ያየሁት።

አራት መስመር ማረሚያ ወጣ። ማን ያነበዋል? ሄጄ በአፌ ነገርኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። ሚዛኑን ሲያስተካክሉ ቆዩና፣ "ታዲያ ልጄ፣ ያን ቀን ገብተሽ ለምን አልጠየቅሽኝም?" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ እስካሁንም የለኝም። በርበሬያቸውን ግን እስካሁን እገዛለሁ። በጣም ቀይ ነው።