«ንጉሠ ነገሥት»ን በተጻፈበት ቋንቋ

ለትምህርት ፖላንድ ከመጣን አበሾች ብዙዎቻችን የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። ፖላንድኛውን ለሱቅ፣ ለቤት አከራይና ለመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ የሚበቃንን ያህል እንይዝና እናቆማለን። ዜግነት ለሚጠይቅ የውጭ ሰው ሕጉ የሚፈልገው የቋንቋ ደረጃም ቢ1 (መካከለኛ) ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ መድከም ለብዙው ሰው ትርፍ ልፋት ይመስለዋል። የኪራይና የሥራ ጭንቅ ያለበትን ሰው በዚህ አልወቅስም። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የሲ1 (የከፍተኛ ደረጃ) ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ ግን የቋንቋው ሀብት ያለው ከዚያ ማቆሚያ በላይ እንደሆነ እያየሁ ነው።

ስሞች እንደ አገባባቸው በሰባት ዓይነት መጨረሻቸውን መለዋወጣቸው የጀማሪ ጣጣ ነው፤ ይለመዳል። ከፍ ሲል የሚያታግለው ግሡ ነው። አብዛኛው ግሥ ጥንድ ነው፦ አንዱ በመደረግ ላይ ላለ ወይም ለሚደጋገም ነገር፣ ሌላው ለተፈጸመ። ክልከላ የሚነገረው በመጀመሪያው ነው። ትራም ላይ ግን አንዲት እናት ለልጇ «ኒዬ ዝጉብ ቻፕኪ» ስትል ትሰማላችሁ፤ ኮፍያህን እንዳትጥል ማለቷ ነው፤ የተጠቀመችው ሁለተኛውን ግሥ ነው። ልጁ ኮፍያውን ሊጥል አላሰበም፤ ሳያውቀው እንዳይወድቅበት ነው የምታስጠነቅቀው። እኛም «አትውደቅ» እና «እንዳትወድቅ» ስንል የምንለየው ይህንኑ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ይህንን በጆሮው ያውቀዋል፤ በቋንቋው እንዲህ ያለ ልዩነት የሌለው ተማሪ ግን ሕጉን በቃሉ መያዝ ይኖርበታል።

በተቃራኒው አማርኛችን ወጥመድ የሚሆንበትም ቦታ አለ። «መንገድ ላይ ስሄድ ዝናብ ያዘኝ» እንላለን፤ የሄድኩት እኔ መሆኔን «ስሄድ» ራሱ ይናገራል። በፖላንድኛ ለዚህ የሚሆነው የግሥ ቅርጽ ማን እንደሄደ አይናገርም፤ ባለቤቱን የሚበደረው ከዋናው ግሥ ነው። እንዳለ ብትገለብጡት መንገድ ለመንገድ የሚሄደው ዝናቡ ይሆናል። የአገሩ ሰዎችም ሲያወሩ ያጠፉታል፤ የተማረ ሰው ድርሰት ላይ ግን አይታለፍም።

መምህራኑ በዚህ ጥብቅ መሆናቸው መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ታሪካቸውን ስታውቁ ግን ትረዷቸዋላችሁ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1795 እስከ 1918 ፖላንድ የሚባል ነጻ መንግሥት ካርታ ላይ አልነበረም፤ ሕዝቡን አንድ አድርጎ ያቆየው በዋናነት ቋንቋውና ሃይማኖቱ ነው። በ1901 ቭዠሽኛ በምትባል ከተማ ልጆች የሃይማኖት ትምህርት በጀርመንኛ አንማርም ብለው ተገርፈዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ናዚዎች ዩኒቨርሲቲዎቹን ሲዘጉ ትምህርቱ በየመኖሪያ ቤቱ በድብቅ ቀጥሏል። ይህን ያሳለፈ ሕዝብ ስለ አንዲት የግሥ ቅርጽ ቢከራከር አይገርመኝም።

እኔን ወደዚህ ደረጃ የገፋኝ ግን አንድ መጽሐፍ ነው። ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ በ1978 ያሳተመው፣ ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የሚተርከው «ንጉሠ ነገሥት»። በእንግሊዝኛ ያነበባችሁት ትኖራላችሁ። በፖላንድኛ ስታነቡት ሌላ ነገር ይሰማችኋል፦ የቤተ መንግሥቱ አገልጋዮች የሚናገሩት በጥንት ፖላንድኛ ነው፤ ደራሲው ከድሮ መጻሕፍት የለቀማቸው፣ ዛሬ ማንም የማይጠቀምባቸው ቃላት በየገጹ አሉ። ካፑሽቺንስኪ አማርኛ አይችልም ነበር፤ የሚሠራው በአስተርጓሚ ነበር። ስለዚህ የፖላንድ አንባቢ የአበሻ ሹም ድምፅ ብሎ የሚሰማው የገዛ አገሩን የድሮ መኳንንት ንግግር ነው። የዘመኑ አንባቢዎችም ከአዲስ አበባ ይልቅ ዋርሶን አይተውበታል፤ የኤድዋርድ ጊዬሬክን የኮሚኒስት መንግሥት።

እንደ ሥነ ጽሑፍ ድንቅ ነው፤ ስለ ዓረፍተ ነገሮቹ ውበት አልከራከርም። ግን መጽሐፉ ስለ እኛ ነው። ንጉሡ የማንበብ ልማድ እንዳልነበራቸው ይነግረናል፤ እኚሁ ሰው በስደት ባዝ ከተማ ሳሉ የሕይወት ታሪካቸውን ያዘጋጁ ናቸው። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ሃሮልድ ማርከስ መጽሐፉን አጥብቆ ተችቶታል፤ ትችቱ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

ሴሚናር ላይ ይህንን አንስቼ በደንብ ተከራክረናል። አንዷ የክፍል ጓደኛዬ «ስለ ኢትዮጵያ ነው ብሎ ማንበቡ ራሱ ስህተት ነው፤ ምሳሌ ነው» አለች። አገሬን ምሳሌ ለማድረግ ስሟን፣ ንጉሧንና የሞቱባትን ሰዎች መውሰድ ካስፈለገ፣ የአገሩ ሰው መልስ የመስጠት መብት አለው አልኳት። በቢ1 ፖላንድኛ ይህንን ማለት አይቻልም። ቅር መሰኘትህን ትናገር ይሆናል፤ የትኛው ቃል ከየትኛው ዘመን እንደመጣ፣ ምፀቱ የት ጋ ተጀምሮ የት ጋ እንደሚያልቅ ጠቅሰህ መሟገት ግን ሌላ ነው።

የሴሚስተር ጽሑፌን በዚሁ ላይ እየሠራሁ ነው። የአገልጋዮቹን ንግግር አንድ በአንድ እያወጣሁ፣ በዘመኑ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው በአማርኛ ከጻፉት ማስታወሻ ጎን አስቀምጠዋለሁ። ከቤተ መንግሥት ሰዎች ማስታወሻ የምታውቁት ካለ ርዕሱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ በተለይ በደርግ ጊዜ ሳይታተም ቆይቶ በኋላ የወጣ ከሆነ።