የኦ. ፒ. ግልባጮች

ከቺካጎ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ከምናምን ሲነዳ የኢንዲያናዋ ቫልፓራይሶ ትመጣለች። ስሟን ያገኘችው ከቺሊው የወደብ ከተማ ነው፤ እሷ ግን ወደብ የላትም። በሉተራኑ ቫልፓራይሶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ መሀል ሁለት ሕንፃዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ የትንሣኤ ጸሎት ቤት ነው፤ ሌላው በ2004 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተከፈተው፣ ክሪስቶፈር ሴንተር የሚባለው ቤተ መጻሕፍት። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መዛግብት ያለው በሁለተኛው ነው። የኛ ጉዳይ ከ1940 እስከ 1968 ግቢውን የመሩት የኦቶ ፖል ክሬትስማን ወረቀቶች ናቸው። በግቢው ሙሉ ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፤ ኦ. ፒ. ነበሩ።

መዝገብ ቤት ሲባል ቁልፉ የጠፋ ቁም ሳጥንና «ነገ ተመለስ» ትዝ የሚለን ሰዎች እንዲህ ያለ ቦታ ስንገባ ጸባያችንን ማሳመር አለብን። ቦርሳ በር ላይ ይቀራል፤ እስክሪብቶም እንዲሁ፤ የሚጻፈው በእርሳስ ነው። አንድ ሳጥን ይመጣል፣ ከሳጥኑ አንድ ማኅደር ይወጣል፣ ቅደም ተከተሉ ሳይዛባ ተመልሶ ይገባል። ቡናም ክልክል ነው። ለሐበሻ ይኸኛው ሳይከብድ አይቀርም።

አዲስ ገቢ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ንግግሮቹን ነው። አይፈረድበትም። ኦ. ፒ. አንደበተ ርቱዕ ነበሩ፤ በ1937 «ዘ ክሬሴት» የተባለውን መጽሔት ካቋቋሙት አንዱ ናቸው፣ «ዘ ፒልግሪም» በሚል ዓምዳቸውም ብዙ አንባቢ አፍርተዋል። ንግግር ግን ለሕዝብ የተሰናዳ ነገር ነው፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ክራቫት አስሮ የወጣ። ሰውየውን ለማግኘት ወደ ግልባጮቹ መሄድ ይሻላል።

የዚያን ዘመን የቢሮ ግልባጭ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ዋናው ደብዳቤ ከነፊርማው ወደ ባለቤቱ ሄዷል። የቀረው በመስኮት ብርሃን ሲይዙት ጣት የሚያሳይ ስስ ወረቀት ነው። ካርቦኑ የተወው ፊደል ጠርዙ ጠጉር አብቅሏል፤ የጽሕፈት መኪናዋ ነጥብ አንዳንድ ቦታ ወረቀቱን በስታዋለች። ከግርጌ በስተግራ በትልልቅ ፊደል ያስጻፈው ሰው ስም መነሻ ይቀመጣል፣ ቀጥሎ በትንንሽ ፊደል የጸሐፊዋ። የፕሬዚዳንቶችን ታሪክ የጻፉልን እነዚያ ትንንሽ ፊደሎች ናቸው፤ በመጻሕፍቱ ውስጥ ግን ስማቸውን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ደብዳቤዎቹን ለመረዳት የትምህርት ቤቱን ዕዳ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1859 የመሠረቱት ሜቶዲስቶች ናቸው። በኋላ ክፍያው ርካሽ ስለነበር «የድሆች ሃርቫርድ» እስከመባል ደረሰና ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ተንኮታኮተ። በ1923 ሊገዛው የተነሳው ኩ ክለክስ ክላን ነበር፤ ነጭ ቆብ የሚያጠልቁት ዘረኞች። ውሉ ሳይፈጸም ቀረ፣ በ1925 ሉተራኖች ገዙት። ኦ. ፒ. የተረከቡት ይህንን ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የገንዘብ ሥራ ከልመና ጋር ዝምድና ያለው ነው። በየአጥቢያው ያሉ ሴቶች በ1931 ያቋቋሙት ማኅበር ሳንቲም እየለቀመ ግቢውን ሲደጉም ኖሯል። በ1940ዎቹ መጨረሻ የምህንድስና ተማሪዎች የራሳቸውን ሕንፃ በገዛ እጃቸው ገንብተዋል፤ ነገሩ ፊልም እስከመሆን ደርሷል።

በኅዳር 1956 የግቢው የጸሎት አዳራሽ ተቃጠለ። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት የማዘው ከቃጠሎው በኋላ ያሉትን ወራት ነው። ምክንያቱም አመዱ ላይ ቆሞ ትንሽ ነገር መጠየቅ ይቻል ነበር፤ የተጠየቀው ግን ከ2000 በላይ ሰው የሚይዝ፣ የመቅደሱ ጣሪያ 30 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ቤት ነው። በ1959 ተመረቀ። ሉተራኗ የኛ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንም አዲስ አበባ ላይ በአገር አቀፍ ደረጃ የቆመችው በዚያው ዓመት መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ከዚያ በላይ አላደርገውም።

ሁለተኛው ማኅደሬ የዘር ጉዳይ ይሆናል። በ1953 የሉተራን የሰብአዊ ግንኙነት ማኅበር የተመሠረተው እዚሁ ነው። ዋናው አንቀሳቃሽ ፓስተር አንድሩ ሹልዘ እዚሁ ያስተምሩ ነበር፤ በ1962 የዘር መድልዎን በመቃወም ጆርጂያ፣ ኦልባኒ ከተማ ውስጥ ታስረዋል። ክላን ሊገዛው በነበረ ግቢ እንዲህ ያለ መምህር ማኖር በደመወዝ ብቻ አያልቅም። ምዕመኑም ለጋሹም ይጽፋል፤ ፕሬዚዳንት መልስ መስጠት አለበት። የአንድን መሪ ድፍረት ከመድረክ ንግግሩ ይልቅ ለተቆጣ ለጋሽ በሚጽፈው ሦስት መስመር እለካለሁ።

ኦ. ፒ. ሥልጣኑን ለአልበርት ሂዩግሊ ባስረከቡ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1970፣ በቬትናም ጦርነት የተቆጡ ተማሪዎች የአስተዳደር ቢሮዎች የነበሩበትን ኪንሲ አዳራሽ አቃጠሉ። ወረቀት እንደዋዛ የሚተርፍ ነገር አይደለም። ኦ. ፒ. በ1975 ዐረፉ።

ለመሄድ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ቀጠሮ ያዙ፣ የምትፈልጉትንም ዓመት ለይታችሁ ንገሩ። ሁለት ቀን ካላችሁ ሁለቱንም ለግልባጮቹ ስጡ። ንግግሮቹ ለሦስተኛው ቀን ይቆዩ።