የሁለት ሰዓት ቆይታ በቦዲቲ

ተማሪዎች ሆይ! በባሕር ላይ መንገደኞችን ለሽርሽር ይዘው የሚጓዙ ግዙፍ መርከቦች መኖራቸውን ሰምታችሁ ይሆናል። እነዚህ መርከቦች ኮዙሜልን በመሳሰሉ የሜክሲኮ ወደቦች ለጥቂት ሰዓታት ይቆማሉ፤ መንገደኞቹም ወርደው ከተማውን በእግራቸው ሲጎበኙ ይውሉና ይመለሳሉ። እኔ በመርከብ ተሳፍሬ አላውቅም። ነገር ግን እንዲህ ያለው አጭር ቆይታ ምን ያህል ሊያስተምር እንደሚችል በቦዲቲ ከተማ ተረድቻለሁ።

ቦዲቲ ከሻሸመኔ በአላባ ቁሊቶ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። የተሳፈርንበት አውቶቡስ እዚያ ሲደርስ ተበላሸ፤ ሾፌሩም ጥገናው ሁለት ሰዓት እንደሚፈጅ ነገረን። አብዛኞቹ መንገደኞች ወደ ሻይ ቤት ገቡ። እኔ ግን ከተማዋን ለማየት በእግሬ ተጓዝሁ።

ዋናውን ጎዳና ትቼ ወደ ውስጥ ስገባ የጋሪዎቹ ድምፅ እየራቀኝ ሄደ። በየቤቱ ጓሮ እንሰት በብዛት ተተክሏል። በአንደኛው ጓሮ አንዲት አዛውንት ከእንሰቱ ግንድ የተላጠውን በሳንቃ ላይ አጋድመው በቀርከሃ ይፍቃሉ። «ሳሮ» ብዬ በማውቃት አንዲት የወላይትኛ ቃል ሰላምታ አቀረብሁላቸው። ፈገግ ብለው እንድቀመጥ ጋበዙኝ። እንደ እናንተ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የልጅ ልጃቸውም አስተርጓሚ ሆነችን።

«ሥሩንስ የምታዘጋጁት መቼ ነው?» ስል ጠየቅሁ።

ልጅቷ ስትተረጉምላቸው አዛውንቷ ሥራቸውን አቁመው ሳቁ።

«ጋሼ፣ ሥሩ እኮ አይበላም» አለችኝ ልጅቷ። «ቆጮ የሚሆነው ይህ ከግንዱ የሚፋቀው ከተቀጠቀጠው አሚቾ ጋር ተቀላቅሎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ ነው። ሥሩ ይኸውልዎ» ብላ ከአሚቾው ላይ የተንጠለጠሉትን ቀጫጭን ክሮች አሳየችኝ። ቀጥላም አንገቷን ደፍታ፣ «መጽሐፋችን ግን ሥሩ ይበላል ይላል። በፈተና ላይ አያቴ የነገረችኝን ብጽፍ ተሳስተሻል ተባልሁ» አለች።

ያን ምንባብ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። የእንሰት ጓሮ ሳልረግጥ፣ ከሌላ መጽሐፍ ያገኘሁትን እንደ ወረደ ገልብጬ ነበር። ዝም ብዬ ለመሄድ አሰብሁ፤ ኅሊናዬ ግን እንቢ አለኝ።

«መጽሐፉን የጻፍሁት እኔ ነኝ። የተሳሳትሁትም እኔ ነኝ እንጂ አንቺ አይደለሽም» አልኋት።

አዛውንቷ ነገሩ ሲተረጎምላቸው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ከምድጃው ላይ የተቀቀለ አሚቾ አውጥተው ሰጡኝና፣ «ብላ ልጄ፤ ቀምሰህ ጻፍ» አሉኝ።

አንድ እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በእንሰት እንደሚተዳደር ይገመታል። ይህን ያህል ሕዝብ ጠንቅቆ የሚያውቀውን ነገር አንድም ሰው ሳልጠይቅ ጽፌ ነበር።

የአውቶቡሱ ጥሩምባ ሲሰማ ተሰናብቻቸው ተመለስሁ። መጽሐፉ ዳግመኛ ሲታተም ስሕተቱን አረምሁ። ልጅቷ ያጣችውን ነጥብ ግን እኔ ልመልስላት አልቻልሁም።

እናንተም ስለ ሰው ኑሮ ድርሰት ስትጽፉ አስቀድማችሁ ባለቤቱን ጠይቁ።