በእጅ የሚዞር ሌንስና የእኛ ፊት

ወገኖቼ፣ «ያ የድሮ ሌንስ ምን ይጠቅምሃል?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሴ ይኸው።

እዚህ ናይሮቢ ያገለገለ የገዛሁት ኒኮን 80-200 ሚሊሜትር ዙም ነው፤ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተሠራ። ሞተር የለው፣ ባትሪ አይጠይቅ። አንዱን ቀለበት ስትገፉትና ስትስቡት ያቀርባል፣ ያርቃል፤ ስታዞሩት ፎከስ ያደርጋል። በአዳፕተር ሚረርለስ ካሜራ ላይ ይገጠማል። መጀመሪያ 200 ላይ ፎከስ አድርጉ፣ ከዚያ ወደ 80 መልሱት፤ ፎከሱ እንዳለ ይቆያል። ስትገዙ በባትሪ ብርሃን ውስጡን እዩ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ካለበት ተዉት።

እኔ ግን የምወደው ዝግታውን ነው። ዙም ሰውን ከሩቅ ሳያውቅ ለማንሳት ይመቻል። የስደተኛ ፊት ደግሞ ባልሆነ ቦታ ከተለጠፈ፣ አገር ቤት ያለች እናት ልትጠየቅበት ትችላለች። ቀለበቱን እስካዞር ሰውየው ያየኛል፤ እጁን ከዘረጋብኝ ካሜራዬን አወርዳለሁ።

ሳያስፈቅድ ያነሳን ብዙ ነው። እኛ እንኳ እርስ በርሳችን እንዲያ አንሁን። ካሜራ የያዛችሁ ልጆች፣ ከማንሳታችሁም ከመለጠፋችሁም በፊት ጠይቁ።