የአያቴ ሳጥን

ልጅ ይዞ ሙዚየም መግባት ልጅ ይዞ ለቅሶ ቤት እንደ መግባት ነው። «አትንካ!»፣ «አትሩጥ!»፣ «ዝም በል!» ሲሉ ይውሉና ማታ «ምን አያችሁ?» ብለው ሲጠይቁ፣ በር ላይ ተኝታ ስለነበረችው ድመት ይነገርዎታል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት የእኅቴን ልጆች ከከሚሴ ይዤ አዲስ አበባ ስመጣ እኔም ከዚህ የተሻለ ነገር አልጠበቅሁም። ወንዱ 15፣ ሴቷ 9 ዓመታቸው ነበር።

ለሙዚየም የሚቀርበንስ ደሴ ነበር። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ውስጥ የተቋቋመው የደሴ ሙዚየም ግን በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ ጦርነቱ ከተማዋ ሲገባ፣ ተዘርፏል። ጦርነቱ ለከሚሴም አልቀረላትም፤ ልጆቹ በዓይናቸው አይተውታል። ስለዚህ «ትንሽ አየር ይለውጡ» ተባለና አጣዬን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፈን መጣን።

የመጀመሪያው ቀን አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ሆነ። ድንቅነሽ ፊት ቆመን 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ እንደሆነ ስናገር ትንሿ አዛጋች። መቼም ለ9 ዓመት ልጅ ሚሊዮንም መቶም አንድ ነው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ፣ ሐዳር በሚባል ቦታ እንደተገኘች ስነግራት ግን ዓይኗ በራ። የእኛ አገር ልጅ አፋርን ያውቃል፤ ሰኞ ሰኞ ግመሉን እየነዳ ባቲ ገበያ የሚወጣው ጎረቤቱ ነው። «እንግዲያው ሰኞ ሰኞ ባቲ ትመጣ ነበራ!» አለች። አጠገባችን የነበሩ ሰዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሚሊዮኑ ያላቀረበላትን አጥንት ባቲ ገበያ አቀረበላት።

ወንድሟ ከስልኩ ቀና ያለው፣ የምናየው አጥንት ቅጂ መሆኑን ስናገር ነው።

«እውነተኛውስ?»

«እዚሁ ነው፤ ግን ተቆልፎበታል። ተመራማሪዎች ካልሆኑ አያዩትም።»

«እንደ እማማ ሳጥን በለኛ!» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

የእማማ ሳጥን ማለት አያቴ ከአልጋቸው ራስጌ ያኖሩት የእንጨት ሳጥን ነው። ቁልፉ ከመቀነታቸው አይለይም። ውስጡ ምን እንዳለ እኔም እናቴም ጠይቀን አናውቅም።

በማግስቱ ስድስት ኪሎ ወጣን። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። ዕቃው የተደረደረው በሰው ልጅ ዕድሜ ተራ ነው፤ ከልደት ይጀምርና በልጅነት፣ በጎልማሳነት አልፎ ሞት ላይ ያበቃል። ለልጆች ከዚህ የተሻለ አደራደር አላየሁም፤ የት እንደደረሱ ራሳቸው ያውቁታል። ትንሿ አንድ የወተት ዕቃ መስተዋት ውስጥ አይታ ስሙን በኦሮምኛ ጮኻ ተናገረችና፣ «ይኼ እኮ የእማማ ነው! ማን አመጣው?» አለች። ቤት ውስጥ በየቀኑ የምታጥበው ዕቃ እዚህ ተከብሮ መቀመጡ ግራ አጋባት። ወንዱ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት አይቶ፣ «ይኼን ያህል ቤት ሠርተው ገንዳቸው ትንሽ ናት» ሲል ፈረደ። ሌላውን ክፍል ሁሉ እናዳርስ አላልኩም። ሁለት ነገር በደንብ ያየ ልጅ፣ መቶ ነገር እየተጎተተ ካየው ይበልጣል።

ሦስተኛው ቀን መስቀል አደባባይ ነበር። ትንሿን ዘመድ ቤት ትቼ ወንዱን ብቻ ይዤ ሄድኩ። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ለ9 ዓመት ልጅ ይከብዳል፤ ከየጅምላ መቃብሩ የወጣ አጥንትና ልብስ አለበት። ልጁ ስልኩን ሳልነግረው ኪሱ ከተተ። ፎቶግራፍ የሞላበት ግድግዳ ጋ ሲደርስ ግን አልንቀሳቀስ አለ። አንድ በአንድ፣ ከላይ እስከ ታች ያያል።

«ምን ትፈልጋለህ?» አልኩት።

«እማማን የሚመስል።»

ክው አልኩ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ደሴ፣ ወይዘሮ ስሂን ይማር ነበር። በ1970 ዓ.ም. እንደ ወጣ አልተመለሰም። ቤታችን ውስጥ ስሙ አይነሳም፤ የአያቴ ልብ እንዳይቆስል ሁላችን ተጠንቅቀን ነው ያደግነው።

«ማን ነገረህ?»

«ሁሉም ሰው ያውቃል። የማታወሩት እናንተ ናችሁ።»

አላገኘንም። ከግድግዳው እስኪወርድ ድረስ ግን አብሬው ፈለግሁ።

ከሚሴ በተመለስን ማግስት፣ ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ፣ ልጁ አያቴን ፊት ለፊት ጠየቃቸው። «እማማ፣ ልጅዎን እዚያ ፈለግሁት፤ አጣሁት። ምን ይመስል ነበር?»

እናቴ ሲኒውን እንደያዘች ቀረች። እኔ በዓይኔ ልጁን ልቆጣ ስል አያቴ መቀነታቸውን ፈቱና ቁልፉን ሰጡት። ከሳጥኑ አንድ ደብተርና ተጣጥፎ የተቀመጠ ነጭ ሸሚዝ ወጣ። ወርቅ የለ፣ ብር የለ። ያን ቀን አያቴ እስከ መግሪብ አወሩ። ስሙን ደጋግመው ጠሩት። ቡናው ላይ ስኳር ያበዛ እንደነበር፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን እንደነበር ነገሩን። አላለቀሱም፤ ያለቀስነው እኛ ነን።

እኔ ጋዜጠኝነት ተምሬ ዲፕሎማ ይዣለሁ። የማላውቀውን ሰው ደጅ እያንኳኳሁ ስንቱን ጠይቄያለሁ። እዚያ ሳጥን አጠገብ ግን ከ30 ዓመት በላይ ኖሬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ለእሳቸው አዝኜ ነው እል ነበር። አሁን ሳስበው ለራሴ ፈርቼ ነው። እሳቸው የሚጠይቃቸው ሲጠብቁ ኖረዋል።

ሸሚዙን መልሰው ሲያጣጥፉ ልጁን፣ «እዚያ ቤት ብሰጥ ይቀበሉኛል?» አሉት።

«ይቀበላሉ እማማ።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲህ እኔ ሳልፍ አንተ ታደርስልኛለህ። እስከዚያ ከእኔ ጋር ይሁን» አሉና ሳጥኑን ዘጉት። አልቆለፉትም።