ከጉለሌ እስከ ጓንዡ፤ በግንቦት ዝናም የታየ አገር



አገር ማየት ለመልእክተኛና ለነጋዴ ብቻ የተሰጠ ዕድል ነው ብዬ ኖሬ ነበር። በጉለሌ ተወልጄ፥ በፍርድ ቤት የሰው ክርክር እየጻፍሁ የዕድሜዬን እኩሌታ ያሳለፍሁ ሰው ስለ ሆንሁ፥ እስከ አርባ አምስት ዓመቴ ድረስ ከደብረ ብርሃንና ከሐዋሳ ወዲያ አልተሻገርሁም። ነገር ግን በመርካቶ የልብስ ንግድ ያላት የእኅቴ ልጅ በ2016 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ መጥታ፥ «ጋሼ፥ የዓመት ዕረፍትዎን ይውሰዱና ወደ ጓንዡ አብረን እንሂድ። እኔ ዕቃ እመርጣለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ውሉን ያነቡልኛል» አለችኝ። ሚስቴም «ሂድ፤ ዕድሜህን ሁሉ የሌላ ሰው ነገር ስትጽፍ ኖረሃል» ብላ ስለ ፈረደችብኝ ይግባኝ አልጠየቅሁም።

በመነሻዬ ዋዜማ ጎረቤቴን ሸማኔውን ልሰናበት ሄድሁ። እርሳቸው በልጅነታቸው ከጋሞ ደጋ መጥተው በሽሮ ሜዳ ከአርባ ዓመት በላይ ሸማ የሠሩ ሽማግሌ ናቸው። እግራቸውን ከጉድጓዱ ሳያወጡ አንድ ክንድ የማይሞላ ጥለት በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝና፥ «ልጄ፥ እዚያም የሥራው ሰው አይጠፋም፤ አሳየውና ምን እንደሚል ንገረኝ» አሉኝ። እኔም ከይለፍ ወረቀቴ ጋር በደረት ኪሴ አኖርሁት።

ጓንዡ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በግድግዳው ካርታ ላይ «ካንቶን» ተብላ ያየኋት ከተማ ናት። በደቡብ ቻይና፥ የዕንቍ ወንዝ ወደ ባሕር ከሚገባበት አፍ አጠገብ የተቆረቆረች፥ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የኖረች የንግድ ከተማ ናት። ከ1757 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. ድረስ የአውሮፓ መርከቦች በቻይና እንዲነግዱ የተፈቀደላቸው በዚህች ወደብ ብቻ ነበር። በእኛ በኩል ደግሞ ኢትዮጵያና ቻይና በ1970 እ.ኤ.አ. ወዳጅነታቸውን በይፋ አጸኑ፤ በ1971 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጼዱንግ ጋር ተገናኙ፤ በ1973 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቻይና መብረር ጀመረ። ዛሬ የመርካቶ ነጋዴ ሌሊቱን በአየር አድሮ በጓንዡ ይወርዳል፤ በከተማይቱም የኢትዮጵያ ቆንስላ አለለት። ሰዓታቸው ከእኛ በአምስት ሰዓት ስለሚቀድም፥ እንቅልፌ ለሁለት ቀን ጉለሌ ቀርቶ ነበር።

ከአውሮፕላን ጣቢያው በር በወጣሁ ጊዜ መነጽሬ በእንፋሎት ተሸፈነ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስትሆን፥ ጓንዡ ከባሕር ልክ ጥቂት ብቻ ከፍ ትላለች፤ ፀሐይም በሰኔ ወደ ሰሜን ገፍታ የምትመለስበት መስመር ከከተማይቱ ጥቂት በስተ ሰሜን ያልፋል። ስለዚህ በግንቦት ሙቀቱና ዝናሙ አብረው ይመጣሉ። በእኛ አገር ዝናም ሲወርድ ሰው ወደ ምድጃ ይጠጋል፤ በዚያ ግን ዝናሙ ራሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ማታ ያጠብሁት ሸሚዝ ለጠዋት አልደረቀልኝም። የአገሩ ሰዎች ይህን ዝናም «የዘንዶ ጀልባ ውኃ» ይሉታል፤ በጨረቃ አቈጣጠራቸው በአምስተኛው ወር በአምስተኛው ቀን የዘንዶ ራስ ባላቸው ረጃጅም ጀልባዎች የሚሽቀዳደሙበት በዓል ሲቃረብ የሚወርድ ስለ ሆነ ነው። እኛ በደረስን ጊዜ በአንዱ የወንዝ ቅርንጫፍ ላይ ቀዛፊዎች በከበሮ ሲለማመዱ አየን። ከበሮው ከሩቅ ሲሰማ ልቤ ወደ ጥምቀት ሄደ።

በጎዳናው ዳር ያሉት ዛፎች እጅግ ደስ አሰኙኝ። የወርካ ዘመዶች ናቸው፤ ከቅርንጫፎቻቸው የተንጠለጠለው ሥር እንደ መነኮሳት ጢም ወደ ምድር ይወርዳል። ከሥራቸውም ሽማግሌዎች ተቀምጠው ገበጣ የመሰለ ጨዋታ ይጫወታሉ። ዝናም ሲመጣ አይነሡም፤ ቅጠሉ ይበቃቸዋል።

ከተማይቱ «የአምስቱ ፍየሎች ከተማ» ትባላለች። በጥንት ዘመን ረሃብ በሆነ ጊዜ አምስት ቅዱሳን በአምስት ፍየሎች ተቀምጠው የሩዝ እሸት ይዘው መጡ፤ እነርሱ ሲሄዱ ፍየሎቹ ድንጋይ ሆነው ቀሩ ይላሉ። የፍየሎቹ ሐውልት በዩዌሹ መናፈሻ አለ። ከዚህም በቀር ከ1863 እስከ 1888 እ.ኤ.አ. የተሠራውን፥ ሕዝቡ «የድንጋይ ቤት» የሚለውን የካቶሊኮች ካቴድራል አየሁ፤ ግድግዳው ሁሉ ጥርብ ድንጋይ ነው። ከእርሱ ያልራቀው ኋይሸንግ የሚባለው አሮጌ መስጊድ ግን ከሁሉ ይልቅ አስገረመኝ። የቻይና እስላሞች እንደሚተርኩት፥ ሃይማኖቱን ወደዚያ ያመጣው ሰዓድ ቢን አቢ ወቃስ ከሐበሻ ምድር ተነሥቶ በባሕር የመጣ ነው። የታሪክ ሊቃውንት ብዙዎቹ ይህን አይቀበሉትም። ቢሆንም በዚያ ሩቅ አገር የሐበሻ ስም በተረት እንኳ ሲነሣ መስማት ለባዕድ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። 600 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን ግንብ ከሩቅ አየሁት፤ ደመናው ወገቡን ስለ ሸፈነው ለመውጣት አልጓጓሁም።

ስለ ምግባቸው ብዙ አልናገርም፤ በዓለ ሃምሳ ስለ ነበር ጾም አላስጨነቀንም፥ ነገር ግን ከአሳማ ሥጋ ለመሸሽ ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ ጠፋ። የሻይ ሥርዓታቸው ግን ሊነገር ይገባዋል። ጠዋት ቤተ ሰቡ ሁሉ በክብ ገበታ ተቀምጦ አስቀድሞ ስኒውን በትኩስ ሻይ ያጥባል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ለሌላው ሲቀዳ፥ የተቀዳለት ሰው በሁለት ጣቱ ገበታውን መታ መታ ያደርጋል። ይህም እጅ መንሻ ነው። በተረታቸው ንጉሥ ራሱን ሰውሮ ሲጓዝ ለአሽከሩ ሻይ ቀዳለትና፥ አሽከሩ ተነሥቶ መስገድ ቢፈራ በጣቶቹ ሰገደ ይባላል። እኔም ከተመለስሁ ወዲህ ቡና ሲቀዳልኝ እንዲሁ እያደረግሁ ልጆቼን አስቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን ከወንዙ በስተ ደቡብ ወዳለው ዦንግዳ ወደሚባለው የጨርቅ ገበያ ሄድን። በሺህ የሚቈጠሩ ሱቆች አሉበት፤ ጣቃ የጫኑ ጋሪዎች ሰውን እየጮኹ ያስነሡታል። የቋንቋው ችግር በሒሳብ መኪና ይቃለላል፤ ሻጩ ዋጋውን ጽፎ ይሰጥሃል፥ አንተም አጥፍተህ የራስህን ጽፈህ ትመልስለታለህ። በአንዲት ትንሽ ሱቅ የነበረው ጐልማሳ መልካችንን አይቶ ከየት እንደ መጣን ሳይጠይቅ ከሥር አንድ ጣቃ ስቦ ዘረጋ። ነጭ ጨርቅ ነው፤ በላዩም የእኛ ጥለት፥ ከመካከሉ መስቀል፥ በግራና በቀኙ ደረጃ ያለው፥ በቀለም ታትሞበታል።

የሽማግሌውን ጥለት ከኪሴ አውጥቼ አጠገቡ አኖርሁ። የመስቀሉ አጣጣል፥ የደረጃው ቍጥር አንድ ነው። ደግሞ ባየው፥ በታተመው ጨርቅ በአንድ ስፍራ ክሩ የሳተ የሚመስል ትንሽ ስንጥቅ አገኘሁ፤ ከአንድ ክንድ በኋላ ያው ስሕተት ተመልሶ መጣ፤ ከዚያም ደግሞ። አንድ ሸማኔ የሠራውን እውነተኛ ሸማ ፎቶግራፍ አንሥተው ከነስሕተቱ አትመውት ኖሯል።

ወደ እኅቴ ልጅ ዘወር ብዬ ላሳያት ብል፥ ዓይኗን ወደ ምድር አደረገች። «ጋሼ፥ የመጣሁት እኮ ለዚህ ነው» አለች። ተቈጣሁ። እርስዋም በቀስታ መለሰችልኝ፤ «የሽሮ ሜዳ ቀሚስ ለመግዛት የማትችል እናት ለልጇ ምን ታልብሳት? እኔ ባላመጣው ሌላው ያመጣዋል፤ የሱቄን ኪራይ ግን ሌላው አይከፍልልኝም።» የእርስዋ ክርክር ባዶ አልነበረም። በአያቶቻችን ዘመን አቡጀዴ ከባሕር ማዶ በመጣ ጊዜም ድኻው ለብሶታል፥ ሸማኔውም አልጠፋም። ነገር ግን አቡጀዴ በስሙ አቡጀዴ ነበር እንጂ ሸማ ነኝ አላለም።

የፍርድ ቤት ሰው እንደ መሆኔ ሕጉን በልቤ መረመርሁ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 አንድ የኢንዱስትሪ ንድፍ ጥበቃ የሚያገኘው አዲስ ሲሆን ነው፤ ጥለቱ ግን ከአባት ለልጅ ሲወርድ የኖረ ነው፥ ይህ የእኔ ነው ብሎ የሚያስመዘግበው አንድ ሰው አይገኝም። ቢመዘገብስ የአገራችን ምዝገባ ጓንዡ ድረስ መቼ ይዘረጋል? ከሳሽ የሌለበት መዝገብ አይከፈትም።

ዋጋው ከተቈረጠ በኋላ ሻጩ በጨርቁ ላይ የሚሰፋውን ምልክት አሳየን። «በኢትዮጵያ በእጅ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ብንወድ ያለ ተጨማሪ ዋጋ እንደሚያደርግልን በአስተርጓሚያችን አፍ ነገረን። ውሉ በፊቴ ነበር። እኔም ብዕሬን ከደንሁና፥ «ይህ ከተጻፈ እኔ አላነብም፥ ምስክርም አልሆንም» አልሁ። የእኅቴ ልጅ ለጊዜው ዝም አለች፤ በሒሳብ መኪናው ላይም ጣቷን እያሻሸች ቈየች። በመጨረሻ «ምልክት አይኑርበት፤ ጣቃውንም ግማሽ ብቻ እወስዳለሁ» አለች። በዚያን ቀን ምሳ ሳንበላ ተመለስን፤ ዝናሙም ያለ ጃንጥላ አገኘን።

በማግሥቱ ነገሩን ለማብረድ ይመስለኛል፥ እርስዋ ራስዋ ወደ አንድ አሮጌ ጎዳና ወሰደችኝና የአገሩን ሐር ወደምትሸጥ ባልቴት ገባን። በዚያ አውራጃ ሺያንግ ዩን ሻ የሚባል ሐር አለ፤ ከዱር ቦዬ በሚወጣ ጭማቂ ብዙ ጊዜ እየተነከረ በሣር ላይ ለፀሐይ ይሰጣል፥ በኋላም የወንዝ ጭቃ ይቀባል። በጭቃው ያለው ብረት ከጭማቂው ጋር ሲገናኝ አንዱ ገጽ ጥቁርና አብረቅራቂ ይሆናል፤ ሁለተኛው ገጽ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። መንግሥታቸውም በ2008 እ.ኤ.አ. የአገር ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ባልቴቷ የዚህም አስመሳይ እንዳለ፥ አስመሳዩን ለማወቅ ጨርቁን መገልበጥ እንደሚበቃ ነገረችን። እኔም የሽማግሌውን ጥለት ሰጠኋት። ከሁሉ አስቀድማ ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ በጥፍሯም ክሩን ቈጠረች። ከዚያ በኋላ ስንት ቀን እንደ ፈጀ ጠየቀችኝ። መልሱን ስለማላውቅ አፈርሁ። ወደ ውጭ ስንወጣ ከወቅቱ መጀመሪያ የደረሰ ሊቺ የሚባል ፍሬ ገዛችልን፤ ልጣጩ ቀይና ሻካራ፥ ውስጡ እንደ ወይን ነጭና ጣፋጭ ነው። ከእኅቴ ልጅ ጋር የታረቅነው ያን ፍሬ በዛፍ ሥር ቆመን ስንልጥ ነው።

ጉለሌ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ከታተመው ጨርቅ ቍራጭ ይዤ ወደ ሽማግሌው ሄድሁ። መደበቅ አልፈለግሁም። ቍራጩን ወደ መስኮቱ አቅርበው ብዙ ጊዜ ተመለከቱትና ጣታቸውን በስሕተቱ ላይ አሳረፉ። «ይህች የመሸ ጊዜ ሥራ ናት፤ ብርሃን ሲደክም እንዲህ ይሳታል» አሉ። ስሕተቱ በየክንዱ እንደሚደገም በነገርኋቸው ጊዜ ሳቁ። «እኔ በአንድ ቀሚስ አንድ ጊዜ ብስት ትመለስብኛለች፤ እነርሱ ሺህ ጊዜ ስተው ይሸጣሉ?»

ከዚያም ዝም አሉ። መወርወሪያውን አንሥተው መልሰው አኖሩት። «ነጋዴዋ የእኛ ልጅ ናት አይደለም?» ብለው ጠየቁኝ። አዎን አልሁ። ሌላ አልጠየቁም።

የባልቴቷን ነገር ያን ጊዜ አወራኋቸው፤ ጥለቱን ሳትናገር ገልብጣ ጀርባውን እንዳየች፥ ክሩን በጥፍሯ እንደ ቈጠረች፥ ስንት ቀን ፈጀ እንዳለች። ፊታቸው ተፈታ። «ገልብጣ አየችው?» አሉ። «አዎን አባባ።» «እንግዲያስ የሥራው ሰው ናት። አምስት ቀን በላት።» እንዴት አድርጌ እንደምልክላት አላውቅም። ልነሣ ስል እጄን ይዘው መልሰው አስቀመጡኝና፥ «የጭቃውን ነገር እንደ ገና ንገረኝ፤ መጀመሪያ ጭማቂው ነው ወይስ ጭቃው?» አሉኝ።