ዕጣ የሚወጣበት ደን

በፓናማ ባሮ ኮሎራዶ በምትባል ደሴት ላይ በተከለለ 50 ሄክታር ደን ውስጥ ከእርሳስ ትንሽ ወፈር ያለች ግንድ ሁሉ ቁጥር አላት። ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ውፍረቷ 1 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ዝርያዋ ይመዘገባል፤ ቦታዋም ካርታ ላይ ይሰፍራል። በዚህ ክልል ውስጥ እንዲህ ያለ ግንድ ከ200,000 በላይ፣ ዝርያው ደግሞ 300 ገደማ ነው። ቆጠራው ከ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ይደገማል። መዝገቡ ላይ ከቀድሞው ልኬቱ ቀጥኖ የተገኘ ዛፍም አለ፦ ቅርፊት ይረግፋል፣ በደረቅ ወራትም ግንድ ይሟሽሻል።

ደሴቲቱ ራሷ የመሐንዲስ ልጅ ናት። ለፓናማ ቦይ ሲባል የቻግሬስ ወንዝ ተገድቦ የጋቱን ሐይቅ ሲሞላ ከኮረብታው የተረፈው አናቱ ነው። ለመርከብ የተጠራቀመ ውሃ ለዛፍ ቆጣሪዎች አጥር ሆነላቸው።

ቆጠራውን ከሮቢን ፎስተር ጋር የጀመረው ስቲቨን ሀበል በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ ብዙ የሙያ ባልደረቦቹን አበሳጨ። ዛፍ ሁሉ እኩል ነው ብለን እንነሣ አለ። ጥላ ወዳድ፣ ፀሐይ ወዳድ የሚባለው ይቆይ። አንድ ዛፍ ሲወድቅ ቦታው በዕጣ ይሰጣል፤ ወገን የበዛለት ዕጣው ይበዛል። አልፎ አልፎ ከሩቅ እንግዳ ይገባል፣ ከስንት አንዴ አዲስ ዝርያ ይወለዳል። ሞዴሉ ይኸው ነው።

ዛፍ ሁሉ እኩል እንዳልሆነ ለመናገር ሊቅ መሆን አያሻም፤ በ1983 የኤልኒኖ ድርቅ ደሴቲቱን ሲመታ እርጥበት የለመዱት ዝርያዎች የበለጠ ተጎዱ። የሚያናድደው ግን ከዕጣው የወጣው ሥዕል፣ ማለትም ጥቂት የበዙ ዝርያዎችና እጅግ ብዙ ብርቅዬዎች፣ ከእውነተኛው ቆጠራ ጋር መቀራረቡ ነው። እኔ እንዲህ በግልጽ የሚሳሳት ሞዴል ደስ ይለኛል፤ ጉድለቱን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።

አንዱ ጉድለት ጊዜ ላይ ነው። በ2013 የወጣ ግምት አማዞን ውስጥ 16,000 ያህል የዛፍ ዝርያዎች እንዳሉ፣ የዛፎቹ ግማሽ ግን የ227 ዝርያዎች ብቻ እንደሆነ አስልቷል። አንድ ዝርያ ከአንዲት ዛፍ ተነሥቶ በዕጣ ብቻ ቢሊዮን ለመድረስ በቢሊዮን የሚቆጠር ትውልድ ይፈልጋል። የዛፍ ትውልድ ደግሞ አሥርት ዓመታት ነው። ያ ዕድሜ ከምድር ዕድሜ ይበልጣል! እንግዲህ የበዙትን ያበዛቸው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ብርቅዬዎቹንስ ማን ከመጥፋት አዳናቸው? ዳንኤል ጃንዘንና ጆሴፍ ኮኔል በ1970ና በ1971 ለየብቻቸው የሰጡት መልስ ለእናት ዛፍ አይመችም፦ ልጅ ከእናቱ ሥር አያድግም። የእናትየው ተባይና በሽታ እዚያው ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የበዛ ዝርያ ራሱን ያጨናንቃል፣ ብርቅዬው ክፍት ቦታ ያገኛል። ቤሊዝ ውስጥ ይህን የፈተኑ ተመራማሪዎች አንዱን ቦታ ፈንገስ ማጥፊያ፣ ሌላውን ነፍሳት ማጥፊያ ረጩት። ነፍሳቱ ሲጠፉ የችግኞቹ ስብጥር ተለወጠ እንጂ ብዝኃነታቸው አልቀነሰም። ፈንገሱ ሲጠፋ ግን ቀነሰ።